ጎማን ከብረት ጋር ማጣበቅ፦ ዘዴውን በምን እንምረጥ?

በሐዋሳ ጎዳናዎች ቀኑን ሙሉ የሚመላለሰውን ባጃጅ ጎንበስ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ሞተሩ ከተሽከርካሪው አካል ጋር ብረት ለብረት እንዳልተያያዘ ያስተውላል። በመካከላቸው ጎማ አለ። ከአንድ ሕንፃ ጓሮ የቆመው ጀነሬተር፣ በየሰፈሩ ያለው የእህል ወፍጮ፣ ውሃ የሚስበው ፓምፕም እንዲሁ በጎማ ላይ ተቀምጠዋል። የጎማው ሥራ ንዝረትን መዋጥ ነው። ይህን ሥራ የሚሠራው ግን ከብረቱ ጋር እስከተያያዘ ድረስ ብቻ ነው። ሲላቀቅ ሞተሩ ይንገጫገጫል፣ ቡሎኖች ይላላሉ፣ ቱቦዎች ይሰነጠቃሉ፤ ከዚህ የባሰው ደግሞ ተሽከርካሪው ሰው አሳፍሮ በሚሄድበት ሰዓት ሊደርስ ይችላል።

ጎማው ሲላቀቅ ባለንብረቱ ወደ ሱቅ ሄዶ የሚጠይቀው ጥያቄ በአብዛኛው አንድ ነው፤ «ከሁሉ የሚጠነክረው ማጣበቂያ የትኛው ነው?» ይላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥያቄው ራሱ መለወጥ እንዳለበት ማሳየት ነው። መጠየቅ የሚገባን «ይህ መጋጠሚያ የሚጎተተው በየት አቅጣጫ ነው? የሚኖረውስ በምን ዓይነት ሙቀት፣ ዘይትና ውሃ ውስጥ ነው?» ብለን ነው። ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ያገኘ ሰው ዘዴውን ለመምረጥ ብዙ አይቸገርም።

ጎማና ብረት ለምን አይስማሙም?

ጎማ ማለት እጅግ ረጃጅም ሞለኪዩሎች እንደ ተዘበራረቀ ክር የተጠላለፉበት ቁስ ነው። ጥሬው ጎማ በሙቀት የሚለሰልስ፣ በብርድ የሚደርቅ ነበር። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድዪር እ.ኤ.አ. በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር አዋሕዶ ማሞቅ ይህን ጠባይ እንደሚያስወግድ ደረሰበት። የድኝ አቶሞች በክሮቹ መካከል ድልድይ ይሠራሉ፤ ክሮቹ ሲሳቡ ይዘረጋሉ፣ ሲለቀቁ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ይህ ሂደት ቮልካናይዜሽን ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ደጋግመን ስለምናነሣው «ማብሰል» ብለን ብንጠራው ለአነጋገር ይቀለናል።

ብረት በአንጻሩ አቶሞቹ በሥርዓት የተደረደሩበት ግትር አካል ነው። ለንጽጽር ያህል፣ የብረት የመለጠጥ ሞጁለስ 200,000 ሜጋፓስካል ገደማ ሲሆን፣ ለስላሳ ጎማ ግን 4 ሜጋፓስካል ያህል ብቻ ነው፤ ልዩነቱ 50,000 እጥፍ ይደርሳል። በመሆኑም ሁለቱን አጣብቀን ስንጎትት ብረቱ ቅርጹን ሳይለውጥ ጎማው ብቻውን ይለጠጣል። ውጥረቱ ሁሉ የሚከማቸው በመጋጠሚያው ጠርዝ ላይ ነው።

ሁለተኛው ልዩነት የሙቀት ነው። የሙቀት መጠን በአንድ ዲግሪ ሲጨምር ብረት ከርዝመቱ በሚሊዮን 12 እጅ ያህል ይረዝማል፤ ጎማ ግን በሚሊዮን 200 እጅ ገደማ። በፀሐይ ላይ በዋለ የብረት በር ላይ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው የጎማ ጥብጣብ ተጣብቋል እንበል። ሌሊት 15 ዲግሪ የነበረው በር ቀትር ላይ 60 ዲግሪ ቢደርስ፣ ብረቱ ከግማሽ ሚሊሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ጎማው ግን 9 ሚሊሜትር ያህል ለመርዘም ይፈልጋል። ማጣበቂያው ይህን ልዩነት በየዕለቱ ተሸክሞ ይኖራል። ስለዚህም ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ግትር የሚሆን ማጣበቂያ ለረጅም ጥብጣብ አይመከርም።

ሦስተኛው የገጽታ ጉዳይ ነው። ዓይን ንጹሕ ነው የሚለው ብረት ዘወትር የዝገት፣ የእርጥበትና የዘይት ስስ ሽፋን አለው። ማጣበቂያው በዚህ ሽፋን ላይ ቢያርፍ የተጣበቀው ከዘይቱ ጋር እንጂ ከብረቱ ጋር አይደለም።

ጉልበቱ ከየት አቅጣጫ ይመጣል?

አንድን መጋጠሚያ በአራት መንገድ ማስጨነቅ ይቻላል፤ በመጫን፣ በመጎተት፣ በማንሸራተትና በመላጥ። ከእነዚህ ሁሉ ክፉው መላጥ ነው። ምክንያቱን በቁጥር እንመልከት።

ወርዱ 25 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 40 ሚሊሜትር የሆነ የጎማ ቁራጭ ከብረት ጋር አጣብቀናል እንበል፤ የተጣበቀው ስፋት 1,000 ካሬ ሚሊሜትር ነው። ማጣበቂያው ቀጥ ብሎ ሲጎተት በካሬ ሚሊሜትር 2 ኒውተን የሚችል ቢሆን፣ ቁራጩን ለመንቀል 2,000 ኒውተን ያስፈልጋል፤ ይህም የሁለት ኩንታል ጤፍ ክብደት ነው። አሁን ደግሞ ያንኑ ቁራጭ ከአንድ ጫፉ ይዘን ሙዝ እንደምንልጥ እንላጠው። በዚህ ጊዜ ጉልበቱን የሚሸከመው ስፋቱ በሙሉ ሳይሆን በወርዱ ልክ ያለች አንዲት ቀጭን መስመር ናት። የመላጥ ጥንካሬው በሚሊሜትር ወርድ 3 ኒውተን ቢሆን፣ የሚያስፈልገው ጉልበት 75 ኒውተን ብቻ ነው፤ ይህ ግማሽ ጀሪካን ውሃ እንኳ አይሞላም።

ማጣበቂያው አልተለወጠም፤ ጎማውም ብረቱም ያው ናቸው። የተለወጠው የጉልበቱ አቅጣጫ ብቻ ነው። «ይህ ማጣበቂያ ሁለት ኩንታል ይሸከማል» የሚለው የማሸጊያ ጽሑፍ እውነት ሆኖ ሳለ፣ ገዢው በሁለት ጣቱ ሊልጠው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው የምርጫ ሕግ ከዚህ ይገኛል፦ ማጣበቂያ ከመምረጣችሁ በፊት መጋጠሚያው እንዳይላጥ አድርጋችሁ ንደፉት። የጎማውን ጠርዝ በብረት ከንፈር መሸፈን፣ ወይም ጫፉን በቡሎን መያዝ ማጣበቂያውን ከመቀየር የበለጠ ይጠቅማል።

አራቱ ዘዴዎች

1. በአካል ማሰር። ቡሎን፣ የቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት፣ ወይም ጎማው ተገፍቶ የሚገባበት ጎድጓዳ መስመር። ይህ ዘዴ ብዙ ሰው እንደ ኋላ ቀር የሚቆጥረው ቢሆንም፣ ሲበላሽ ቀድሞ ያስጠነቅቃል፤ ለመፍታትና ለመለወጥም ይመቻል። ጎማው የሚጫን እንጂ የማይጎተት ከሆነ ማጣበቂያ ጭራሹን ላያስፈልግ ይችላል። ጥንቃቄው ቡሎኑ ጎማውን በቀጥታ እንዳይቆርጠው ሰፊ የብረት ሰሌዳ በመካከሉ ማድረግ ነው።

2. ማስቲሽ። በጫማ ሠሪዎች ዘንድ የታወቀው ይህ ማጣበቂያ በአብዛኛው የሚሠራው ክሎሮፕሪን ከተባለ ሰው ሠራሽ ጎማ ነው። በሁለቱም ገጾች ላይ በስሱ ይቀባል፤ ጣት ሲነካው እስከማይዝ ድረስ ይጠበቃል፤ ከዚያም ገጾቹ ተገናኝተው በኃይል ይጫናሉ። ብዙዎች የሚሳሳቱት በመጠበቁ ላይ ነው። ማሟሟያው ሳይተን ከተገጠመ ብረቱ ስለማያስተነፍስ ፈሳሹ ውስጥ ይታፈናል፤ መጋጠሚያውም ለቀናት ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ማስቲሽ ከደረቀም በኋላ ተለጣጭ ስለሆነ ለረጃጅም ጥብጣቦች ይስማማል። ነገር ግን ከሞተር አጠገብ ባለው ሙቀት ይለሰልሳል፤ ነዳጅም ያሟሟዋል።

3. በኬሚካል የሚጠነክሩ ማጣበቂያዎች። በዚህ ምድብ ሱፐር ግሉ፣ ኢፖክሲና ፖሊዩሬታን ይገኛሉ። የሱፐር ግሉ መሠረት የሆነውን ሲያኖአክሪሌት እ.ኤ.አ. በ1942 ያገኙት ሃሪ ኩቨርና ባልደረቦቻቸው ሲሆኑ፣ ለገበያ የቀረበው በ1958 ነው። በአየርና በገጽታ ላይ ያለችው ጥቂት እርጥበት ስለምታጠነክረው በሰከንዶች ውስጥ ይይዛል። ለትንሽ ቁራጭ፣ ለሚጫን መጋጠሚያ ጥሩ ነው፤ ግትር በመሆኑ ግን መላጥንና ምትን አይወድም፤ በብረት ላይ ሲሆን ረዘም ላለ ጊዜ ውሃ ውስጥ መኖርም ያዳክመዋል። ኢፖክሲ ብረትን አጥብቆ ይይዛል፤ ከጎማው ወገን ግን ገጹ በሚገባ ካልሻከረ ይላቀቃል። ፖሊዩሬታን ከሦስቱ ይበልጥ ተለጣጭ ነው።

4. አብሮ ማብሰል። ይህ ከሁሉም የተለየ ነው። ጎማው ገና ጥሬ ሳለ በብረቱ ላይ ተቀምጦ፣ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ተጭኖ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ140 እስከ 170 ዲግሪ ይሞቃል። ጎማው እየበሰለ ሳለ በዚያው ከብረቱ ጋር ይያያዛል። በጥሩ ሁኔታ የተሠራ ከሆነ ሲጎተት የሚቀደደው ጎማው ነው፤ መጋጠሚያው አይለቅም። የሞተር መቀመጫ ጎማዎች በፋብሪካ የሚሠሩት በዚህ ዘዴ ነው።

የናስ ምስጢር

አብሮ ማብሰል ብቻውን አይበቃም፤ ባዶ ብረት ላይ የበሰለ ጎማ በቀላሉ ይላጣል። መፍትሔው የተገኘው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1862 እንግሊዛዊው ቻርልስ ሳንደርሰን ብረትን በናስ ለብጦ ጎማን በላዩ ላይ በማብሰል የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ናስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ነው። ጎማው ሲበስል በውስጡ ያለው ድኝ ከናሱ መዳብ ጋር ተዋሕዶ የመዳብ ሰልፋይድ ስስ ሽፋን ይፈጥራል። ሽፋኑ ገና ፈሳሽነት ባለው ጎማ ውስጥ ጥርስ እያወጣ ያድጋል፤ ጎማው በስሎ ሲጠነክር ጥርሶቹ በውስጡ ተቀርቅረው ይቀራሉ።

የዚህ ግኝት ታላቁ ተጠቃሚ የመኪና ጎማ ነው። በዘመናዊ ራዲያል ጎማ ውስጥ ያሉት የብረት ሽቦዎች የናስ ልባሳቸው ውፍረት ከአንድ ሚሊሜትር አራት ሺህኛ ገደማ ብቻ ነው፤ ሆኖም በመቶ ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሽከረከረውን ጎማ ከሽቦው ጋር አስተባብሮ የሚይዘው እርሱ ነው። በአገራችን የመኪና ጎማ ማምረት እ.ኤ.አ. በ1972 በተቋቋመው፣ ኋላም ሆራይዘን አዲስ ጎማ በተባለው የአዲስ አበባ ፋብሪካ ተጀምሮ ቆይቷልና፣ ይህ ኬሚስትሪ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ለሌሎች ክፍሎች ግን ሁሉን በናስ መለበጥ አድካሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ሎርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኬምሎክ በሚል ስም ያወጣው ማጣበቂያና ተከታዮቹ ሥራውን አቀለሉት። በተለመደው አሠራር በተሻከረው ብረት ላይ መጀመሪያ ፕራይመር፣ በላዩም ሁለተኛ ሽፋን ይቀባል። አንደኛው ከብረቱ ጋር፣ ሁለተኛው ከሚበስለው ጎማ ጋር ይዋሐዳል።

ማጣበቅ ጎማውን ራሱን ይለውጠዋል

ብዙ ጊዜ የማይስተዋል አንድ ቁም ነገር አለ። ጎማ ሲጫን መጠኑ አይቀንስም፤ ወደ ጎን ያብጣል እንጂ። ላዩና ታቹ ከብረት ጋር ከተጣበቀ ግን ወደ ጎን መሸሽ ስለማይችል ይጠነክራል። ጥንካሬውን ለመገመት የተጣበቀውን ስፋት ነፃ ሆኖ ለሚያብጠው የጎን ስፋት እናካፍል፤ ውጤቱን ቅ እንበለው። ለክብ ጎማ የመጫን ግትርነቱ ካልተጣበቀው በ(1 + 2ቅ²) እጥፍ ያህል ይበልጣል።

ዲያሜትሩ 60፣ ውፍረቱ 20 ሚሊሜትር ለሆነ ጎማ ቅ 0.75 ነው፤ እጥፉም 2 ያህል ይሆናል። ይህንኑ ጎማ በ5 ሚሊሜትር ውፍረት ለአራት ቆርጠን በመካከላቸው የብረት ሰሌዳ ብናጣብቅ፣ ለእያንዳንዱ ቅ 3፣ እጥፉም 19 ይሆናል። የጎማው መጠን ሳይለወጥ ከላይ ለሚመጣ ጭነት ዘጠኝ ጊዜ ገደማ ጠነከረ፤ ወደ ጎን ለመንሸራተት ያለው ልስላሴ ግን እንደነበረ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1954 ፈረንሳዊው መሐንዲስ ኢዩጂን ፍሬሲኔ የፈጠራ መብት ያወጣበት የድልድይ መቀመጫ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። በተቃራኒው፣ በ1969 በስኮፕዬ ከተማ የተሠራው የፔስታሎዚ ትምህርት ቤት ከመሬት መንቀጥቀጥ እንዲጠበቅ በጎማ ላይ ቢቆምም፣ በጎማዎቹ ውስጥ የብረት ሰሌዳ ስላልነበረ ከሕንፃው ክብደት የተነሣ ወደ ጎን አብጠው ታይተዋል። እኛም የምንኖረው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነውና፣ ጎማንና ብረትን በደርብ ማጣበቅ ለወደፊት ሕንፃዎቻችንና ድልድዮቻችን የሚኖረውን ትርጉም አንባቢ ይገነዘበዋል።

የሐዋሳ አየር ምን ይጨምራል?

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጥሬ ጎማ አግኝቶ በፈላ ውሃ ወይም ክፍት በሆነ ድስት እንፋሎት ለማብሰል ያሰበ የወርክሾፕ ባለሙያ ይህን ማስላት አለበት። የማብሰል ፍጥነት የሙቀት መጠኑ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በ150 ዲግሪ 15 ደቂቃ የሚፈጀው ሥራ በ94 ዲግሪ በግምት 12 ሰዓት ይፈልጋል፤ ማጣበቂያውም በዚያ ሙቀት በሚገባ ላይነቃ ይችላል። በእንፋሎት 150 ዲግሪ ለመድረስ ወደ 5 ባር የሚጠጋ ግፊት የሚችል የታመነ ዕቃ ያስፈልጋል፤ ለዚህ ያልተሠራ በርሜል ግን ቦምብ ነው። አስተማማኙ መንገድ ሙቀቱ የሚለካ የኤሌክትሪክ መጫኛ ነው።

አብሮ ከማብሰል በኋላም ፊዚክስ ይከተለናል። ከ150 ወደ 25 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 60 ሚሊሜትር የሆነው ጎማ 1.5 ሚሊሜትር ለመኮማተር ሲፈልግ ብረቱ ከአንድ አሥረኛ ሚሊሜትር አይበልጥም። ጎማው ገና ሥራ ሳይጀምር በውጥረት ተወልዷል ማለት ነው። ስለዚህ የብረቱ ሹል ማዕዘኖች መደብዘዝ አለባቸው፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከእነርሱ ነውና።

ፀሐዩና በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን የተወጠረ የተፈጥሮ ጎማን ይሰነጣጥቃሉ። በሐይቁ ዳር ለሚቆም ፓምፕ ደግሞ ውሃው በመጋጠሚያው ጠርዝ በኩል ሰርጎ ብረቱን ከሥር ያዝገዋል። ስለዚህ ጠርዙን በቀለም ወይም በማሸጊያ መዝጋት የሥራው አካል እንጂ ማስዋቢያ አይደለም።

ገጹን ማዘጋጀት

የትኛውም ዘዴ ቢመረጥ ቅደም ተከተሉ ተመሳሳይ ነው። በመጀመሪያ ዘይቱ በተስማሚ ማሟሟያና በንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ። ቀጥሎ ብረቱ በብርጭቆ ወረቀት ወይም በአሸዋ ርጭት እስኪያበራና እስኪሻክር ይፈተግ፤ የጎማው ገጽም እንዲሁ ይሻክር። እንደገና ይጠረግ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የምንፈትገው ዘይቱን ወደ ጭረቶቹ ለማስገባት ይሆናል።

ብረቱ መንጻቱን ለማወቅ ጥቂት ንጹሕ ውሃ አፍስሱበት። ውሃው እንደ ስስ ልብስ ከተዘረጋ ነጽቷል፤ እየተሰበሰበ ጠብታ ከሠራ ዘይት አለ። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፣ በጣት አይነካ፣ ዝገት ሳይጀምርም በዚያው ቀን ይቀባ። ማሟሟያዎቹ ተቀጣጣይና ለሳንባም ለአንጎልም ጎጂ ስለሆኑ ሥራው አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ ከእሳት ርቆ ይሁን።

ሦስት ምሳሌዎች

የብረት በር ጥብጣብ ጎማ፦ ጭነቱ ትንሽ፣ የሙቀት ልዩነቱ ትልቅ ነው። ማስቲሽ ወይም ፖሊዩሬታን ይበቃል፤ ጫፎቹ እንዳይላጡ በቡሎን ይያዙ።

የ400 ኪሎ ጀነሬተር በአራት ጎማዎች ላይ፦ እያንዳንዱ ጎማ የሚሸከመው 1,000 ኒውተን ገደማ ነው። ጎማው ዲያሜትሩ 60 ሚሊሜትር ከሆነ ጫናው በካሬ ሚሊሜትር 0.35 ኒውተን ብቻ ነውና ለጎማ ቀላል ነው። ችግሩ ሞተሩ ሲነሣና ሲቆም የሚያመጣው ምት ነው፤ ያን ጊዜ አንደኛው ወገን ይነሣና ጎማው ከጠርዙ መላጥ ይጀምራል። አብሮ የበሰለ መቀመጫ መግዛት፣ ያ ካልተገኘም ጎማውን ከላይና ከታች በሰሌዳ ይዞ በቡሎን ማሰር ይሻላል።

የባጃጅ ሞተር መቀመጫ፦ ሙቀት፣ ዘይት፣ ንዝረትና መላጥ በአንድነት አሉ፤ በላዩም የሰው ሕይወት አለ። በማስቲሽም ሆነ በሱፐር ግሉ መጠገን የለበትም። መለወጥ ብቻ ነው።

የወደቀው መጋጠሚያ ምን ይናገራል?

የተላቀቀን ክፍል ሳይመረምሩ መጣል ትምህርትን መጣል ነው። በብረቱ ላይ የተቀደደ ጎማ ተጣብቆ ከቀረ፣ መጋጠሚያው ሥራውን ሠርቷል፤ ደካማው ጎማው ነው። ብረቱ ሙልጭ ብሎ ከወጣ፣ ስሕተቱ ከብረቱ ዝግጅት ነው። ማጣበቂያው ሁሉ በብረቱ ላይ ቀርቶ ጎማው ንጹሕ ከሆነ፣ የጎማው ገጽ አልተዘጋጀም ወይም ዓይነቱ ለማጣበቂያው አይስማማም፤ ሲሊኮንና ኢ.ፒ.ዲ.ኤም የተባሉት ጎማዎች በዚህ የታወቁ ናቸው። ማጣበቂያው በሁለቱም ላይ ከተገኘ፣ የተሰነጠቀው ራሱ ማጣበቂያው ነው።

ይህን መመርመር ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ወርዱ 25 ሚሊሜትር የሆነ የጎማ ጥብጣብ፣ የብረት ሰሌዳ፣ ባልዲና ውሃ ይበቃሉ። ጥብጣቡ ተጣብቆ ሰሌዳው በአግድም ይታሰር፤ የተጣበቀው ገጽ ወደ ታች ይሁን። ከጥብጣቡ ነፃ ጫፍ ላይ ባልዲው ይንጠልጠል፤ መላጥ እስኪጀምር ድረስ ውሃ ይጨመር፤ ባልዲው ከነውሃው ይመዘን። በኪሎ የተገኘው ቁጥር በ9.8 ተባዝቶ ለ25 ሲካፈል የመላጥ ጥንካሬው በኒውተን በሚሊሜትር ይገኛል። ተማሪዎቻችን ገበያ ላይ ያሉትን ማጣበቂያዎች በዚህ መንገድ፣ ደረቁንም ለሳምንት በሐይቅ ውሃ የተነከረውንም፣ ቢያነጻጽሩ ውጤቱ ለከተማው ወርክሾፖች ሁሉ ይጠቅማል።

ለማጠቃለል፣ ምርጫው በሚከተለው ቅደም ተከተል ይካሄድ። ሕይወት የተንጠለጠለበት ክፍል ነውን? ከሆነ በፋብሪካ አብሮ በበሰለ ክፍል ይለወጥ። የሚጫን ብቻ ነውን? ከሆነ ማሰር ይበቃል። ይላጣልን? ከሆነ ንድፉ ይለወጥ። ሙቀት፣ ዘይት ወይም ውሃ አለበትን? ከሆነ እነዚያን የሚችል ማጣበቂያ ይመረጥ። «ከሁሉ የሚጠነክረው የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል፤ በአብዛኛውም እስከዚያ ድረስ መልሱ አስፈላጊ መሆኑ ያበቃል።